አፈሩ የእኛ፣ ስሙስ የማን? ከዝዋይ አሸዋ እስከ ሆሳዕና ቀይ አፈር

ሁላችንም ትምህርት ቤት ሳለን «ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ» እያልን ሸምድደናል። ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው መሬት ወይና ደጋ ነው ተብለን ጽፈን፣ ተፈትነን አልፈናል። ስሙን ግን ቆም ብሎ ያዳመጠው ጥቂት ነው። ወይና ደጋ ማለት ወይን የሚበቅልበት ደጋ ማለት ነው። የጤፍ ደጋ፣ የቡና ደጋ ወይም የእንሰት ደጋ አልተባለም። አገሪቱ ሰፊ የእርሻ መሬቷንና አብዛኛውን ሕዝቧን ያሰፈረችበትን ቀበቶ የሰየመችው ዛሬ በጓሮው በማታየው ተክል ነው።

ሆሳዕናም ዱራሜም በዚህ ቀበቶ ውስጥ ናቸው። እዚህ መሬት ላይ እንሰት፣ ስንዴ፣ ድንች፣ ባቄላ፣ ባሕር ዛፍ እናያለን። ወይን አናይም። ስሙ ከየት መጣ? ተክሉስ የት ሄደ? ዛሬ ኢትዮጵያ ውስጥ ቀይ ወይን ጠጅ የሚጠመቅበት ፍሬ ከእኛ አካባቢ ወደ ምሥራቅ ወርዶ፣ ሥምጥ ሸለቆው ወለል ላይ፣ ዝዋይ አሸዋ ላይ የበቀለበት ምክንያትስ ምንድን ነው?

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ከሞርሲቶ ሆኖ ስለ ወይን ጠጅ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ ግር ሊለው ይችላል። በሀዲያና በከምባታ ወንጌላዊው ብዙ ነው፣ ሙስሊሙም አለ፤ አልኮል ደጃፉን ረግጦ የማያውቅ ቤት ሞልቷል። ይህ ጽሑፍ ጠጡም አትጠጡም አይልም። ወይን ጠጅን ያነሣሁት አፈርና መልክዓ ምድር የአንድን ምርት ጠባይና ዋጋ እንዴት እንደሚወስኑ፣ ያንን ዋጋ ደግሞ ማን እንደሚወስደው ከእርሱ የበለጠ የሚያሳይ ምርት ስለሌለ ነው። ነገሩ እንሰታችንን፣ ቡናችንንና ውኃችንንም ይመለከታል። (ዘመኖቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

▪️ ከመሠዊያው ያልወረደ መጠጥ

ወይን ጠጅ ለኢትዮጵያ አዲስ እንግዳ አይደለም። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቀይ ባሕር የንግድ መምሪያ፣ «ፔሪፕለስ» የሚባለው፣ በአዱሊስ ወደብ በኩል ወደ አክሱም ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል የሎዶቅያና የኢጣሊያ ወይን ጠጅን ይቆጥራል። መጠኑ ግን ብዙ እንዳልሆነ ያክላል። በኋላ ክርስትና ሲገባ ወይን ለቅዳሴ ግድ ሆነ። ሆኖም ለቅዳሴ የሚያስፈልገው ትንሽ ነው፤ ያንንም ከዘቢብ ማውጣት ይቻላል። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር መጥቶ ስድስት ዓመት የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ቤተ ክርስቲያን ዘቢብ በውኃ ዘፍዝፋ ጨምቃ ለቁርባን እንደምትጠቀም ጽፏል። ልማዱ ዛሬም አለ።

ተክሉም ነበረ። የ18ኛውና የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በይፋግ አካባቢ ወይን ይለማ እንደነበር መዝግበዋል። ቦታው ወይና ደጋ ነው። ስሙን የሰጡት ሰዎች ከሜዳ ተነሥተው አልሰጡትም ማለት ነው፤ ወይን በዚያ ከፍታ እንደሚሆን ያውቁ ነበር።

ነገር ግን ወይን ጠጅ በኢትዮጵያ የገበሬ መጠጥ ሆኖ አያውቅም። ቤተ መንግሥቱ ጠጅ ነበረው፤ ጠጅ የማር ነው፤ ማር ደግሞ ከጫካው ይገኛል። ሕዝቡ ጠላ፣ ቦርዴ፣ ሻሜታ ነበረው። ወይን ከመሠዊያውና ከጥቂት ሹማምንት ጓሮ አልወረደም። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን የሚቀጥለው ታሪክ ሁሉ የሚዞረው በዚህ ላይ ነው። አንድ ተክል በብዙ ሺህ ገበሬ እጅ ለብዙ መቶ ዓመት ካልቆየ፣ የትኛው ቁልቁለት፣ የትኛው አፈር፣ የትኛው ንፋስ እንደሚስማማው የሚያውቅ ሰው አይኖርም። አፈሩ ቢኖርም አፈሩን የሚያነብ አይን አይኖርም።

▪️ ድንጋይ አይቀመስም

አውሮፓ ውስጥ ያ አይን ነበረ። በፈረንሳይ ቡርጎኝ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሲቶ መነኮሳት አንዱን የተራራ ጥግ በእግራቸው እየለኩ አረሱት። ቁልቁለቱ አንድ ሆኖ ሳለ ከላይ ያለው ስስና ድንጋያማ፣ ከታች ያለው ወፍራምና ርጥብ መሬት ነው፤ ምርጡ ወይን ጠጅ የሚወጣው ከመካከለኛው ወገብ መሆኑን ደረሱበት። በ1395 የአገሩ መስፍን ደፋሩ ፊሊጵ ጋሜ የሚባለው ብዙ የሚያፈራ ዝርያ ተነቅሎ ፒኖ ኗር እንዲተከል አዋጅ አወጣ። አዋጁ የሚነግረን ያኔም አንድ መሬት አንድ ዝርያ እንደሚስማማው፣ የመሬቱ ስም ደግሞ ገንዘብ መሆኑን ማወቃቸውን ነው። ዛሬ እነዚያ በአጥርና በመንገድ የተከፋፈሉ ቁራጭ ማሳዎች ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል።

ቦርዶ ሌላው ምሳሌ ነው። እዚያ ወንዙ አገሩን ለሁለት ይከፍለዋል። በግራው ዳርቻ በሜዶክ ጠጠር አለ፤ ጠጠር ውኃ አይዝም፣ ቀን ይሞቃል፤ ዘግይቶ የሚበስለው ካቤርኔ ሶቪኞን ይስማማዋል፤ የሚወጣው ወይን ጠጅ ጠንካራ፣ አፍ የሚይዝ፣ ዕድሜው ረጅም ነው። በቀኙ ዳርቻ በፖምሮል ሸክላ አፈር አለ፤ ሸክላ ቀዝቃዛ ነው፣ ውኃ ይይዛል፤ ቶሎ የሚበስለው ሜርሎ ይወደዋል፤ የሚወጣው ለስለስ ያለ፣ የሞላ ነው። መካከላቸው ያለው ርቀት ብዙ አይደለም።

እዚህ ላይ በሰፊው የተነገረ አንድ ተረት መታረም አለበት። ብዙ ሰው ወይኑ ድንጋዩን «ይጠጣውና» የድንጋዩ ጣዕም በብርጭቆ ውስጥ ይወጣል ብሎ ያስባል። የሥነ ምድር ሰዎች አይቀበሉትም። ድንጋይ ጣዕም የለውም፤ ሥሩም ድንጋይ አይመጥም፤ ከአፈሩ የሚያነሣው ማዕድን በጣም ጥቂት ነው። በቦርዶ ለብዙ ዓመታት የተደረገው ጥናት ያሳየው ዋናው ነገር የአፈሩ ኬሚካል ሳይሆን ውኃ አሰጣጡ መሆኑን ነው። ጥሩ የወይን አፈር ውኃን በልክ የሚሰጥ አፈር ነው፤ ሥሩ አይሰጥምም፣ አይቃጠልምም። ፍሬው መብሰል ሲጀምር ውኃው ትንሽ ቢያጥረው ተክሉ ቅጠል ማብዛቱን ትቶ ጉልበቱን ወደ ፍሬው ያዞራል። ፍሬው አነስ ይላል፣ ልጣጩ ከውስጡ አንጻር ይበዛል።

ለቀይ ወይን ጠጅ ይህ ወሳኝ ነው። የአብዛኛው ወይን ጭማቂ፣ ፍሬው ቀይም ይሁን ጥቁር፣ ነጭ ነው። ቀለሙ፣ አፍ የሚይዘው ታኒንና አብዛኛው ሽታው ያለው ልጣጩ ውስጥ ነው። ስለዚህ ነጩ ከልጣጩ ተለይቶ ይፈላል፣ ቀዩ ከነልጣጩ። መሬቱ ልጣጩ ላይ የሠራው ሥራ ሁሉ ቀዩ ላይ ይወጣል። የመሬት ጠባይ ከሌላው ይልቅ በቀይ ወይን ጠጅ የሚነበበው ለዚህ ነው።

▪️ ቆጮ የሚያውቅ ይህን ያውቃል

ይህ ነገር ከእኛ የራቀ የሚመስለው ስሙ ፈረንሳይኛ ስለሆነ ብቻ ነው። ወይን የሚራባው በዘር አይደለም፤ ቅርንጫፉ ተቆርጦ ይተከላል። ስለዚህ ቦርዶ ያለው ሜርሎና ዝዋይ ያለው ሜርሎ በደም አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው የመሬቱና የሰው እጅ ልዩነት ነው። እንሰትም እንዲሁ ነው። ከእናቲቱ አሚቾ ላይ ችግኝ ይወጣል፣ ችግኙ ራሷ እናቲቱ ናት። የሀዲያና የከምባታ እናቶች በርካታ የእንሰት ዓይነቶችን በስም ይለያሉ፤ አንዱን ለቆጮ፣ አንዱን ለቡላ፣ አንዱን ለአሚቾ፣ አንዱን ለቃጫ ይመርጣሉ። አንድ ዓይነት እንሰት ደጅ ላይ ፍግ ጠግቦ ሲያድግና ራቅ ብሎ ተዳፋት ላይ ሲያድግ አንድ እንደማይሆን ያውቃሉ። የተፋቀው ጉድጓድ ውስጥ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ሲቀበር በደጋው ብዙ ይቆያል፣ በቆላው ቶሎ ይደርሳል፤ ጉድጓዱ ራሱ የመሬቱ ሙቀት ነውና።

የቡርጎኝ መነኩሴ ስለ ቁልቁለቱ የሚያውቀውና የሞርሲቶ እናት ስለ ጓሮዋ የምታውቀው አንድ ዓይነት ዕውቀት ነው። ልዩነቱ የእርሱ ተጻፈ፣ ተካለለ፣ ሕግ ሆነ፣ ዋጋ ሆነ። የእርሷ በእርሷ እጅ ቀረ።

▪️ የዝዋይ አሸዋ

አሁን ወደ ዝዋይ እንውረድ፤ የዛሬዋ ባቱ ማለቴ ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከ1,600 ሜትር ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ነው። የወይና ደጋ ታችኛው ጠርዝ ማለት ነው።

ያ ሜዳ ሁልጊዜ ሜዳ አልነበረም። የዛሬ 10,000 ዓመት አካባቢ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢያታና ሻላ የተለያዩ ሐይቆች አልነበሩም፤ አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ፣ ሲሞላ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ዝናቡ ሲቀንስ ሐይቁ ተከፋፈለ፣ ተሰበሰበ፤ ትቶት የሄደው አሸዋ፣ ደለልና ከእሳተ ገሞራ የወረደ አመድና ቀላል ድንጋይ ነው። ዛሬ በዝዋይ ዳርቻ የሚረገጠው አፈር የድሮ ሐይቅ አልጋ ነው።

በዚያ ላይ የዝናቡ ጉዳይ አለ። ከምዕራብ የጉራጌ ተራሮች፣ ከምሥራቅ የአርሲ ተራሮች ደመናውን ያራግፉታል፤ ሸለቆው ወለል ላይ የሚደርሰው በዓመት 700 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቀኑ ይሞቃል፣ ከፍታው ግን ሌሊቱን ያቀዘቅዘዋል። ቀኑ ስኳሩን ያበስላል፤ ቀዝቃዛው ሌሊት ደግሞ ፍሬው ጎምዘዝ የሚያደርገውን አሲድ አቃጥሎ እንዳይጨርስ ያደርጋል። ከፍታ ላይ ፀሐይ የበረታች ስለሆነች ልጣጩም ቀለም ያጠራቅማል። ከምድር ወገብ በ8 ዲግሪ ርቀት ላይ ሆኖ ቀይ ወይን ጠጅ መጥመቅ የተቻለው በእነዚህ ሦስት ነገሮች ነው፤ በአሸዋው፣ በዝናብ ጥላውና በከፍታው።

ይህንን መሬት ለወይን የመረጠው ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ነው። ካስቴል በ1998 የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራን ከመንግሥት ገዝቶ ወደ አገሪቱ የገባ ነው። የጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ መንግሥት በረሃብ የሚታወቀውን የአገር ስም የሚቀይር ምርት ይፈልግ ነበር፤ ግብዣው ለካስቴል ቀረበ። በዝዋይ 120 ሄክታር ገደማ ላይ ከፈረንሳይ የመጡ ሜርሎ፣ ካቤርኔ ሶቪኞን፣ ሲራና ሻርዶኔ ተተከሉ። ጉማሬና ጅብ እንዳይገቡ ዙሪያው ሰፊ ቦይ ተቆፈረ። በ2014 «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» በሚል ስም ጠርሙሶቹ ገበያ ወጡ።

አሸዋው ለወይኑ ምን ያደርግለታል? ውኃ ቶሎ ያሳልፋል፣ ሥሩ አይበሰብስም። ቶሎ ይሞቃል፣ ፍሬው ቶሎ ይበስላል። ሌላም የታሪክ ጥቅም አለው። ከ1860ዎቹ ጀምሮ ከአሜሪካ የመጣች ፊሎክሴራ የምትባል ትንሽ ነፍሳት የአውሮፓን ወይን ሥር ሥሩን በልታ ልትጨርሰው ነበር። አውሮፓ የዳነችው ወይኗን በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ በማዳቀል ነው። በአሸዋ ላይ የነበሩት ግን ሳይነኩ ቀሩ፤ ነፍሳቷ አሸዋ ውስጥ መንቀሳቀስ አትችልም።

አሸዋ የሚያስከፍለውም ዋጋ አለ። ምግብም ውኃም አይዝም። ከአሸዋ የሚወጣ ቀይ ወይን ጠጅ ባብዛኛው ፍሬያማ ሽታው ጎልቶ፣ ገላው ቀለል፣ ታኒኑ ለስለስ ያለ ነው፤ ሸክላና ኖራ ድንጋይ የሚሰጠውን ክብደት ከአሸዋ መጠበቅ አይቻልም። ውኃውን ደግሞ በመስኖ መሙላት ግድ ነው። በዚህም ላይ ሸለቆው ክረምት የሚባል ቅዝቃዜ የለውም፤ ወይን ተኝቶ የሚነሣ ተክል ነው፣ ቦርዶ ውስጥ ብርዱ ያስተኛዋል። እዚህ የሚያስተኛው ሰው ነው፤ በመግረዝና ውኃ በመከልከል። ስለዚህ በዝዋይ የመሬቱን ግማሽ ሥራ የሚሠራው መስኖ ከፍቶ የሚዘጋውና መቀስ የያዘው ሠራተኛ ነው።

▪️ የእኛ ቀይ አፈርስ?

«ታዲያ የእኛ መሬት ከዝዋይ አሸዋ ያንሳል?» የሚል ይኖራል። አያንስም፤ ይበልጣል። ችግሩም እርሱ ነው። በሀዲያና በከምባታ የሚበዛው ቀይ አፈር ጥልቅ ነው፣ ሸክላነት አለው፣ ውኃ ይይዛል። ዝናቡ በበልግም በክረምትም ይመጣል፣ ከዝዋይ በእጅጉ ይበልጣል። በዚህ አፈር ላይ ወይን ቢተከል ሐረጉ ይንዠረገጋል፣ ቅጠሉ ይበዛል፣ ፍሬው በውኃ ይወጠራል፣ ርጥበቱ ሻጋታ ያመጣበታል። ወይን ሲጠግብ ይሰንፋል። እንሰት ግን ሌላ ፍጥረት ነው፤ ጥልቅ አፈርና ርጥበት ይወዳል፣ ግንዱ ውስጥ ውኃ አጠራቅሞ ድርቅን ይሻገራል።

ጥሩ መሬትና መጥፎ መሬት የሚባል ነገር እንደሌለ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። ለአንዱ ድሃ የሆነው ለሌላው ሀብት ነው። ይህ ግን የሚጠቅመው መሬቱን በማሳ ደረጃ ለሚያውቅ ነው። አገራችን በ2012 የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት የተባለውን ሥራ በግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በኩል ጀምራ አፈሯን በካርታ አስቀምጣለች። ዋና ዓላማው የትኛው ወረዳ ምን ዓይነት ማዳበሪያ ይስጠው የሚለው ነበር። ተገቢ ነው፤ በደጋማው አካባቢያችን የአፈር አሲዳማነት ስንዴውንና ገብሱን እያቀጨጨ፣ ገበሬው ኖራ እየፈለገ ባለበት ጊዜ ካርታው አስፈላጊ ነው። ግን «ይህ አፈር ምን ይጎድለዋል?» ብቻ ብለን ጠየቅን። «ይህ አፈር ከሌላው የማይገኝ ምን ይሰጣል?» የሚለውን አልጠየቅንም።

▪️ ስም የሌለው መሬት

ወደ ጠርሙሱ እንመለስ። በአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ምርቶች ላይ የታተሙትን ስሞች አስቡ። «ጉደር» ከአምቦ በስተምዕራብ ያለች ከተማና ወንዝ ናት። «አክሱማይት» የታሪክ ስም ነው። ጉደር ብዙ ኢትዮጵያዊ ቀይ ወይን ጠጅን ያወቀበት ስም ነው፤ ግን ስንት ጠጪ ቦታ መሆኑን አስቦ ያውቃል? የኩባንያው ዋና የወይን እርሻ ደግሞ በአርሲ መርቲ ነው። ፋብሪካው በደርግ ተወርሶ፣ በ2013 ቦብ ጌልዶፍ ይመራው ለነበረው 8 ማይልስ ለተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅትና ለኢትዮጵያዊ አጋሩ ተሸጠ። በዚህ ሁሉ የባለቤት ለውጥ ውስጥ የመሬቱ ስም የምልክት ስም ሆኖ ቀጠለ። ዝዋይም አልተጻፈችም፤ «ሪፍት ቫሊ» ከቀይ ባሕር እስከ ሞዛምቢክ የሚዘረጋ ስም ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ቡናን አስታውሱ። በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት «ሲዳሞ»፣ «ሐረር» እና «ይርጋጨፌ» የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት ለማድረግ ሲያመለክት የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፣ ከስታርባክስ ጋር ውዝግብ ተነሣ፣ ስምምነት የተደረሰው በ2007 ነው። አንድ የቦታ ስም ያን ያህል ክርክር ያስነሣው ስሙ ውስጥ ገንዘብ ስላለ ነው። ያ ጣዕም የይርጋጨፌ ከፍታ፣ አፈርና ጥላ ዛፍ ሥራ ነው፤ ስሙን የያዘ የጣዕሙን ዋጋ ይይዛል።

ሌላው ምሳሌ ከሆሳዕናና ከዱራሜ ብዙ ቤተሰብ ጋር ዝምድና አለው። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የሀዲያና የከምባታ ወጣቶች ደቡብ አፍሪካን መዳረሻቸው አድርገዋል። ወንድም ወይም አጎት እዚያ የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል። ያቺ አገር በዓለም ከታወቁት ወይን ጠጅ አምራቾች አንዷ ናት። በኬፕ የመጀመሪያው ወይን የተጨመቀው በየካቲት 1659 ነው፤ ኔዘርላንዳውያን ወደ ሕንድ ለሚያልፉ መርከቦች ያስፈልጋል ብለው። የኮንስታንሺያ ወይን ጠጅ እስከ አውሮፓ ነገሥታት ገበታ ደረሰ፤ ናፖሊዮን በግዞት ሳለ ይጠጣው ነበር። በ1973 መሬቱን በአውራጃና በቀበሌ የሚከፋፍል የምንጭ ሕግ ወጣ፤ ዛሬ ስቴለንቦሽ ተብሎ የተጻፈበት ጠርሙስ ፍሬው ስቴለንቦሽ መብቀሉ በሕግ የተረጋገጠ ነው።

ያን ቁልቁለት የቆፈሩት፣ ያን ሐረግ የተከሉት ግን እነማን ነበሩ? ከማዳጋስካር፣ ከሞዛምቢክ፣ ከሕንድና ከኢንዶኔዥያ የመጡ ባሮችና የአገሬው ሰዎች ናቸው። ባርነት ከቀረ በኋላም ለሠራተኛው የደመወዙን ክፍል በወይን ጠጅ የመክፈል ልማድ ለብዙ ትውልድ ቀጠለ። ሕግ ቢከለክለውም ጠባሳው አልጠፋም፤ በእናት ማኅፀን በአልኮል የተጎዱ ሕፃናት ቁጥር በዚያ የወይን አገር እስከ ዛሬ በዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት ነው። አፈሩ ስም አገኘ፣ አፈሩን የቆፈረው ሰው ግን አላገኘም። «መሬቱ ወይኑን ይሠራዋል» የሚለው ውብ አባባል ሠራተኛውን ከሥዕሉ የሚያጠፋበት ጊዜ አለ።

▪️ ውኃው የማን ነው?

ስለዚህ በዝዋይ ጉዳይ መጠየቅ ያለብን ወይን ጠጁ ይጣፍጣል አይጣፍጥም የሚለውን ብቻ አይደለም። አሸዋው ውኃ አይዝም ብለናል፤ ውኃው ከየት ይመጣል? የዝዋይ ሐይቅ ሁለት ዋና ገባሮች አሉት። ካታር ከአርሲ ይወርዳል፣ መቂ ከጉራጌ ተራሮች። የጉራጌ ተራሮች ከእኛ በስተሰሜን ያሉ ጎረቤቶቻችን ናቸው። የዚያ ተዳፋት ዛፍ ሲመነጠር የሚታጠበው አፈር ወርዶ ሐይቁ ውስጥ ይተኛል። ከሐይቁ የሚጠጡት ደግሞ ብዙ ናቸው፤ የባቱ ነዋሪ፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያለማው አነስተኛ ገበሬ፣ የአበባ እርሻው፣ የወይን እርሻው። የተረፈው በቡልቡላ ወንዝ ወደ አቢያታ ይሄዳል። አቢያታ ምን ያህል እንደሸሸ ያየ ያውቃል፤ ፍላሚንጎ ይቆምበት የነበረው ዳርቻ ዛሬ ነጭ ጨዋማ ሜዳ ነው።

ለዚህ ወይኑን ብቻ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ወይን ብዙ ውኃ የማይጠይቅ ተክል ነው፤ እንዲያውም ትንሽ ቢጠማ ይሻለዋል። ነገር ግን ሐይቁ አንድ ነው፣ ቧንቧው ብዙ ነው። የመሬቱ ጠባይ በብርጭቆ ውስጥ አለ ካልን፣ የሐይቁ መጉደልም በዚያው ብርጭቆ ውስጥ አለ ማለት ነው።

▪️ እና ምን ይደረግ?

ሦስት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ የሚመረትበት ቦታ ስም በጠርሙሱም በጆንያውም ላይ ይጻፍ። ዝዋይም ትሁን መርቲ፣ ቦታዋ ስትጻፍ የቦታዋ ሰው የሚጠይቀው መብት ይኖረዋል። ስም የሌለው መሬት ጠበቃ የለውም።

ሁለተኛ፣ የሐይቁ ውኃ ማን ምን ያህል እንደሚወስድ ተለክቶ ለሕዝብ ይገለጽ። ጥሩ ወይን ጠጅ የሚያመርት ኩባንያ ከማንም በላይ ይህንን መፈለግ አለበት፤ ሐይቁ ከሌለ አሸዋው አሸዋ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ለእኛ ነው። ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ሆሳዕና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። አዲስ ክልል ስለ ቢሮ፣ ስለ በጀትና ስለ መዋቅር ብዙ ይነጋገራል። ስለ ቆጮ ግን ማን ተነጋገረ? የሀዲያ፣ የከምባታ፣ የጉራጌ፣ የስልጤ ቆጮና ቡላ ከየትኛው ከፍታ፣ ከየትኛው የእንሰት ዓይነት እንደሚወጣ የሚያውቁ እናቶች ዛሬ በሕይወት አሉ። ዕውቀታቸውን መዝግቦ፣ አካባቢውን ለይቶ፣ ስሙን በሕግ ማስጠበቅ ወይን እንደመትከል ብዙ ሚሊዮን አይጠይቅም። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አለ። ተማሪዎቹ የእነዚያው እናቶች ልጆች ናቸው።

አባቶቻችን መሬቱን በሚስማማው ተክል ስም ጠሩት፤ ወይና ደጋ አሉት። ተክሉ ከእጃችን ወጣና ስሙ ብቻ ቀረ። እንሰቱ ግን ገና ጓሮ ውስጥ ቆሟል። የጓሮውን ስም እኛ ካልጻፍነው፣ አንድ ቀን ቡላው ባማረ ካርቶን ታሽጎ ከውጭ ሲመጣ ካርቶኑ ላይ የምናነበው ስም የሌላ ሰው ይሆናል። ያን ጊዜ «አፈሩ የእኛ ነበር» ብንል ማን ይሰማናል?

ሐሳባችሁን አካፍሉ፤ ያልተስማማችሁም ጻፉ። ሰላም ሁኑ።